ለዘር የሚቀር ዓሣ፤ ከካርፕ ውድድር እስከ አትባራ ኩሬዎች

በእንግሊዝ አገር ዓሣ ማጥመድ ለምግብ ብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ሕግና ዳኛ ያለው ውድድርም ነው። የማኅበሩ አባሎች በዕረፍታቸው ቀን ማለዳ ከኩሬው ዳር ይሰበሰባሉ። በኩሬው ዙሪያ ቁጥር የተጻፈባቸው ችካሎች ተተክለዋል፤ ማን በየትኛው ችካል እንደሚቀመጥ የሚወስነው ዕጣ ነው። ስለዚህ ባለጸጋው ጥላ ያለበትን መልካም ስፍራ በገንዘቡ ሊገዛ አይችልም፤ ሠራተኛውም ነፋስ የሚመታው ስፍራ ቢደርሰው ዕድሉን ከማማረር በቀር ማንንም ሊከስ አይችልም። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም መንጠቆውን በአንድ ጊዜ ይጥላል፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ፊሽካው እንደ ገና ሲነፋ ሁሉም ያነሣል።

በእነዚህ አምስት ሰዓቶች ውስጥ የሚሆነው ነገር ለማያውቅ ተመልካች ሥራ መፍታት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አጥማጁ አስቀድሞ የውኃውን ጥልቀት በእርሳስ ይለካል። ከዚያም የተፈጨ እህል ወይም የበቆሎ ፍሬ በጥቂት በጥቂቱ ይበትናል፤ ብዙ ቢበትን ዓሣው ጠግቦ ይሄድበታል፤ ጥቂት ቢበትን ዓሣው ወደ ጎረቤቱ ያልፋል። ካርፕ ጥርጣሬ የማያጣው ዓሣ ነው። በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ የሚያደቅበት ጥርስ በጉሮሮው ውስጥ ነው። ከንፈሩን እንደ ከረጢት አፍ ወደ ፊት ዘርግቶ ጭቃውን ይመጥጣል፤ የሚበላውን ያስቀርና የቀረውን ይተፋል። መንጠቆውንም ጎርሶ ሊተፋው ስለሚችል፣ በውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ቡሽ አንድ ጊዜ ብቻ ነቅነቅ ሲል አጥማጁ ፈጥኖ መሳብ አለበት።

የተያዘው ዓሣ አይታረድም። በውኃው ውስጥ በተዘረጋ ረጅም የመረብ ከረጢት ሕያው ሆኖ ይቆያል፤ ውድድሩ ሲያልቅ ዳኞች በየችካሉ እየዞሩ ይመዝኑታል፤ ጸሐፊው ክብደቱን ይመዘግባል፤ ከዚያም ወዲያው ወደ ኩሬው ይመለሳል። ሽልማቱ የሚሰጠው ለክብደቱ ነው እንጂ ለሥጋው አይደለም። በዚህ ሳምንት አንዱን ያሸለመ ዓሣ በሚመጣው ወር ሌላውን ሊያሸልም ይችላል። እንደዚህ ስለ ሆነ አንዲት ትንሽ ኩሬ ብዙ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት ታገለግላለች።

ይህ ሥርዓት ከጨዋነት ብቻ የተወለደ አይደለም፤ እጦት ያስተማረውም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ከተሞች ሕዝብ እየበዛ ሲሄድ፣ ዓሣ በሚራባበት በጸደይ ወራት ሳይቀር ይጠመድ ስለ ነበር ወንዞቹ ደኸዩ። በ1878 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ፓርላማ ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ቀን ድረስ የወንዝና የኩሬ ዓሣ እንዳይጠመድ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉን ያቀረቡት የሼፊልድ ከተማ እንደራሴ የነበሩት አንቶኒ ሙንዴላ ሲሆኑ፣ እኒህ ሰው ከኮሞ አካባቢ ወደ እንግሊዝ የተሰደደ የአንድ ጣሊያናዊ ልጅ ነበሩ። እዚህ ላይ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ሕጉ በአጥማጆች ላይ ከላይ የተጫነ አለመሆኑ ነው፤ ቢላዋ ሠሪዎቹና ብረት አቅላጮቹ የሼፊልድ አጥማጆች ራሳቸው ደግፈውታል። ሕጉ በኋላ ዘመን ለኩሬዎች ቢላላም፣ በወንዞች ላይ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ጥበቃው ምን ፍሬ እንዳፈራ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በሴፕቴምበር 1952 ሪቻርድ ዎከር የተባሉ እንግሊዛዊ ሬድማየር በምትባል ትንሽ ኩሬ 44 ፓውንድ ማለት 20 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ካርፕ አጠመዱ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር በመንጠቆ ከተያዘው ካርፕ ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ዎከር ዓሣውን አርደው አልበሉትም፤ ወደ ለንደን የእንስሳት ማቆያ ተወስዶ ለብዙ ዓመታት የሕዝብ መመልከቻ ሆነ።

ካርፕ በመሠረቱ የእስያና የምሥራቅ አውሮፓ ተወላጅ ነው። ቻይናውያን ከጥንት ጀምሮ በኩሬ አርብተውታል፤ በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ መነኮሳትም ሥጋ በማይበላበት በጾም ወራት የሚመገቡት ዓሣ እንዲሆናቸው በገዳማቸው ኩሬ ያኖሩት ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1940 አካባቢ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ አጠገብ በአካኪ ወንዝ ላይ ባለው በአባ ሳሙኤል ግድብ ተለቀቀ፤ ቆይቶም በቆቃ ግድብና በዝዋይ ሐይቅ ተገኘ። በአትባራና በሰቲት ግን የአገሩ ዓሣ ሌላ ነው።

ወደ ገዳሪፍ የተሻገረ ሰው በካርፕ የተሞላ የማኅበር ኩሬ አያገኝም። የገዳሪፍ ሰው ኩሬ ሲባል የሚያስበው ሐፊሩን ነው፤ ይኸውም የዝናብ ውኃ እንዲያጠራቅም በጥቁሩ አፈር ውስጥ የተቆፈረው፣ ሰውና ከብት በበጋ የሚጠጣበት ጉድጓድ ነው። አገሩ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው፤ በጨረታው ገበያ የሰሊጥ ዋጋ ሲነሣና ሲወድቅ ከመተማ እስከ ሑመራና እስከ ኡም ሐጀር ያለው ነጋዴ ሁሉ ጆሮውን ያቀናል። ይሁን እንጂ የካርፕ ዘመዶች ከዚህ አገር ሩቅ አይደሉም፤ በአትባራ፣ በሰቲት፣ በረሃድና በዲንደር ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ይኖራሉ። ሱዳኖች ቢኒ የሚሉት ትልልቅ ቅርፊት ያለው፣ ብር የመሰለው ዓሣ የካርፕ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እንደ ካርፕ ሁሉ በአፉ ዙሪያ አራት ጢሞች አሉት። ደብስ የሚባለውም ከዚሁ ወገን ሲሆን፣ አፉ ወደ ታች የዞረ ስለ ሆነ በድንጋይ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ሽፋን እየፋቀ ይመገባል።

እነዚህ ወንዞች ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሡ ናቸው። አትባራ በኢትዮጵያ በኩል ጓንግ ይባላል፤ ሰቲት ደግሞ የተከዜ የታችኛው ስሙ ነው። የረሃድ የላይኛው ክፍል ሽንፋ፣ የዲንደርም አይማ ይባላል። በክረምት ሁሉም ቀይ ጭቃ ተሸክመው እየደነፉ ይወርዳሉ። በበጋ ግን ፈሳሻቸው ይቀጥናል ወይም ይቋረጣል፤ በአሸዋው መካከል እዚህና እዚያ ጥልቅ ኩሬዎች ብቻ ይቀራሉ። በክረምት በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተበትኖ የነበረው ዓሣ ከዚያ በኋላ የሚኖረው በእነዚህ ኩሬዎች ውስጥ ነው።

የወንዙን የቀድሞ ጠባይ ሳሙኤል ቤከር የተባሉት እንግሊዛዊ ተጓዥ በሚገባ ገልጸውታል። ቤከር በ1861 ከባለቤታቸው ጋር የአትባራን ዳር ተከትለው ሲወጡ ወንዙ አሸዋና ኩሬ ብቻ ሆኖ አገኙት። በየኩሬው ዓሣው፣ አዞው፣ ጉማሬውና ኤሊው በጠባብ ስፍራ ተጨናንቀው ነበር፤ ቤከርም በሕያው ትንሽ ዓሣ ትልቁን ዓሣ እያባበሉ አጠመዱ። በጁን 23 ሌሊት ግን እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ በአሸዋው ላይ ተኝተው የነበሩት ሰዎች ወንዙ መጣ እያሉ እየጮኹ ወደ ዳር ሮጡ። ሲነጋ ትናንት አሸዋ በነበረበት ስፍራ 500 ያርድ ያህል ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱም ከ15 እስከ 20 ጫማ የሚደርስ ወንዝ ይፈስ ነበር። በአገሩ ዝናብ ሳይዘንብ ወንዙ በአንድ ሌሊት ሞላ፤ ውኃው የሐበሻ ደጋ ውኃ ነበርና።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬ ሰው የሚሆን ትምህርት ይገኛል። ጎርፉ የሚያመጣው ውኃና ጭቃ ነው፤ ዓሣው ግን በአብዛኛው ከኩሬው የሚወጣ ነው። በኩሬው ውስጥ ከበጋው የተረፉት ወንዶችና ሴቶች ዓሦች ጎርፉ በደረሰ ጊዜ ይበተናሉ፤ ብዙዎቹም ዕንቁላላቸውን የሚጥሉበት ስፍራ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣሉ። የሚመጣው ዓመት ዓሣ የእነርሱ ልጅ ነው። ስለዚህ የበጋ ኩሬ ለወንዙ የዘር እህል ጎተራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የገዳሪፍ ገበሬ በረኃብ ዘመን እንኳ ለዘር ያኖረውን ማሽላ ላለመንካት ምን ያህል እንደሚታገል ለነጋዴው ማስረዳት አያስፈልግም።

ችግሩ ግን ዓሣው ለመያዝ እጅግ የሚቀልለው ለዘር በሚያስፈልግበት በዚሁ ወራት መሆኑ ነው። በማርች፣ በኤፕሪልና በሜይ ሙቀቱ ይበረታል፤ ውኃው ይጎድላል፤ በውኃው ውስጥ ያለው አየርም ያንሳል። አምባዛ ወደ ላይ ብቅ እያለ የውጭውን አየር ሊስብ ስለሚችል ይታገሣል፤ ቢኒ ግን የፈሳሽ ውኃ ዓሣ ነውና ይደክማል። ሁለት ሰዎች መረቡን ከዳር እስከ ዳር ይዘው ሁለት ጊዜ ቢጎትቱ የአንዲት ኩሬ ዓሣ ሊያልቅ ይችላል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ውስጥ የሚነሰነስበት የቆየ ልማድ አለ፤ ይህ መርዝ ትልቁንና ትንሹን፣ የሚበላውንና የማይበላውን ሳይለይ ያሰክራል። የተሰበሰበው በሰው እጅ ሲገባ፣ የቀረው ጫጩት በውኃው ውስጥ ይበሰብሳል።

በዚህ ጠረፍ አካባቢ ኩሬ በሕግ የተጠበቀበት ስፍራ የለም እንዳይባል የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ አለ። ፓርኩ በ1935 በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን የተቋቋመ ነው። በውስጡ ማያ የሚባሉ፣ ወንዙ አሮጌ መንገዱን ሲለቅ የተዋቸው ክብ ኩሬዎች ይገኛሉ፤ ጎርፍ በመጣ ጊዜ ውኃና ዓሣ ይገባባቸዋል፤ በበጋ ለአራዊቱ መጠጫ ይሆናሉ። በውስጣቸው ማጥመድ ክልክል ነው። ሆኖም ክልከላው ጠባቂ እስካለ ድረስ ብቻ የሚከበር ስለ ሆነ፣ በስውር የሚያጠምድ ሰው አልጠፋም። እንግዲህ የእንግሊዙ የማኅበር ኩሬና የዲንደር ማያ የሚለያዩበት ነገር እዚህ ላይ ይታያል። የመጀመሪያውን የሚጠብቁት ከእርሱ የሚጠቀሙት ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ ሁለተኛውን የሚጠብቀው ደመወዝተኛ ብቻ ነው።

ከቤከር ዘመን ወዲህ የወንዙ ጠባይ በሰው እጅ ተለውጧል። ሱዳን በ1964 የኻሽም ኤል ግርባን ግድብ በአትባራ ላይ ሠርታ ፈጸመች፤ በአስዋን ግድብ ምክንያት ከዋዲ ሐልፋ የተነሡት 50,000 ያህል ኑብያውያን በዚሁ ውኃ በሚጠጣው መሬት ሰፈሩ። ግድቡ ሲሠራ 1,300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የታሰበ ቢሆንም፣ የደጋው ጭቃ ከዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ስፍራ ወሰደበት። ጭቃውን ለማስወጣት በጎርፍ ወራት በሮቹ ተከፍተው ግድቡ ይታጠባል። በዚህ ጊዜ ወፍራሙ ጭቃ የዓሣውን ስንጥብ ይደፍነዋል፤ ዓሣው እየተንሳፈፈ ሲመጣ ሕዝቡ ከዳር ቆሞ ይሰበስባል። ለአንድ ቀን ጥጋብ ነው፤ በሚዛን ቢታይ ግን የብዙ ወራት ገቢ በአንድ ቀን መውጣቱ ነው።

ከዚህም በኋላ ኢትዮጵያ የተከዜን ግድብ በ2009 ፈጸመች፤ ሱዳንም ሩሜላና ቡርዳና የሚባሉትን ሁለት ተያያዥ ግድቦች በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ ሠርታ በ2017 አስመረቀች። እነዚህ ግድቦች መብራትና የመስኖ ውኃ ሰጥተዋል፤ ሐይቆቻቸውም ለአጥማጆች አዲስ የሥራ ስፍራ ከፍተዋል። በረጋ ውኃ የሚመቸው ቆሮሶ በሐይቁ ይበዛል። ዕንቁላሉን በጠጠር ላይ ለመጣል ወደ ላይ የሚወጣው ቢኒ ግን መንገዱን በግንብ ተዘግቶ ያገኘዋል። ግድቡ አይሠራ የሚል ሰው የለም፤ ነገር ግን የወንዙ መንገድ በተቆረጠ መጠን፣ ከግድቡ በላይ የሚቀሩት ኩሬዎች ዋጋ ከቀድሞው ይልቅ ከፍ ማለቱን መዘንጋት አይገባም።

በሌላ በኩል በወንዞቹ ዳር የሚኖረው ሕዝብ በዝቷል። በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሰቲትን ውኃ ተሻግሮ በሐምዳየት በኩል ወደ ሱዳን ገባ። በኤፕሪል 2023 በሱዳን ውስጥ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች ወደ ገዳሪፍ አውራጃ መጡ። የተራበ ሰው መረብ ይዞ ወደ ኩሬ ቢወርድ የሚወቅሰው የለም። ዳሩ ግን ዛሬ የሚያበላው ኩሬ በሚመጣው ዓመት ባዶ ቢሆን የሚራበው ያው ሰው ነው።

ይህ ስጋት በግምት የተነገረ አይደለም፤ በጣና ሐይቅ ላይ ታይቷል። በጣና ከ15 የማያንሱ የካርፕ ወገን የሆኑ ትልልቅ ዓሦች ይኖራሉ፤ ከጥቂቶቹ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ብዙዎቹ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ዕንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ወንዞች ይወጣሉ። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ፤ ነጋዴዎች ከአዲስ አበባ ድረስ ለጾም ወራት ዓሣ ይፈልጉ ነበር፤ የዓሣ ቋንጣም በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገር ጀመር። አጥማጁ ዓሣው ወደ ወንዝ ሲወጣ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ቢዘረጋ ያለ ብዙ ድካም ይሞላለት ነበር። የኔዘርላንድና የኢትዮጵያ ሊቃውንት ባደረጉት ጥናት ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በ75 ከመቶ ያህል መቀነሱ ታወቀ። የቀነሰው የተጠመደው ዓሣ እጅግ ስለ በዛ ብቻ አይደለም፤ ዕንቁላል የያዘችው ዓሣ ሳትጥል በመያዟ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2003 ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን አወጣ፤ አዋጅ ግን ወንዙ አፍ ድረስ የሚያደርሰው ሰው ካላገኘ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ነገሩ አስተዳዳሪዎችንም ነጋዴዎችንም የሚመለከት ነው። አስተዳዳሪው ወንዙን በሙሉ ልዝጋ ቢል አይሆንለትም፤ ሕዝቡም አይታዘዘውም። ነገር ግን በየወረዳው ከጥልቅ ኩሬዎች ጥቂቶቹን መርጦ፣ ስማቸውን በአጥማጆቹና በመንደር ሽማግሌዎቹ ፊት አስነግሮ፣ ከማርች ጀምሮ ጎርፍ እስኪደርስ ድረስ እንዳይነኩ ቢያደርግ የሚቻል ሥራ ነው። የሚጠብቋቸውም ከሌሎቹ ኩሬዎች የሚያጠምዱት ሰዎች ራሳቸው ቢሆኑ፣ የሼፊልድ አጥማጆች እንዳደረጉት ሕጉን የራሳቸው አድርገው ይይዙታል። ወንዞቹ የሁለትና የሦስት መንግሥት ስለ ሆኑም፣ ከጓንግ በላይ ብርብራ እየተነሰነሰ በአትባራ ኩሬ መጠበቅ፣ ወይም በአትባራ ኩሬው እየተጠረገ በጓንግ መከልከል ከንቱ ድካም ነው።

ነጋዴው ደግሞ ከአዋጅ የሚበልጥ ኃይል በእጁ አለ፤ ይኸውም ሚዛኑ ነው። ከመዳፍ የማይበልጥ ዓሣ አልገዛም ያለ ነጋዴ ጠባብ መረብን ያለ ፖሊስ ይከለክላል። በጎርፉ መጀመሪያ ዕንቁላል የያዘች ዓሣን ዋጋ የቀነሰ ነጋዴም እንዲሁ። በተጨማሪም የሚገዛውን ዓሣ በዓይነትና በክብደት ቢመዘግብ፣ ዛሬ በግምት ብቻ የሚነገረው የወንዙ ሀብት በቁጥር ይታወቃል። የማኅበር ኩሬ ጸሐፊ የየችካሉን ክብደት ስለሚመዘግብ፣ ኩሬው ደኸየ ወይስ በለጸገ ብሎ አይጨቃጨቅም፤ መዝገቡን ይመለከታል።

ጎደለ ከተባለ ካርፕን አምጥተን በኩሬዎቹ እንጨምር የሚል አሳብ የሚያቀርብ ሰውም ይኖር ይሆናል። ይህ አሳብ ጥንቃቄ ይሻል። ካርፕ ጭቃን እየቆፈረ ውኃን የሚያደፈርስና የውኃ ተክልን የሚነቅል ዓሣ ነው። በአውስትራሊያ የመሪና የዳርሊንግ ወንዞች ውስጥ ከገባ በኋላ የአገሩን ዓሣ ተጭኖ ዛሬ እንደ ተባይ ይቆጠራል። በእንግሊዝ ኩሬ የሚወደደው ወሰን ባለው ውኃ ውስጥ ስለ ሆነ ነው፤ የአትባራ ኩሬ ግን በጁን ወሰኑን ጥሎ እስከ ዓባይ የሚሄድ ወንዝ ይሆናል፤ አንዴ የተለቀቀውን መልሶ የሚሰበስበው የለም።

ከካርፕ ውድድር ለዚህ ጠረፍ የሚጠቅመው ዓሣው አይደለም፤ ሥርዓቱ ነው። ሥርዓቱም በአጭር ቃል ሲነገር ይህ ነው፤ ከውኃ የወጣው ይመዘን፣ የተመዘነው ይጻፍ፣ ለዘር የሚሆነው ይመለስ። ለራት የሚያጠምደው የአትባራ ሰው እንደ እንግሊዙ ያገኘውን ሁሉ ይመልስ አይባልም። ከአሥር ኩሬ አንዱን ሳይነካ ቢተው ግን፣ በጁን ሌሊት ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ሲደርስ ይዞት የሚበተነው ዓሣ ያገኛል።